ባሕሩን ከሥሩ ያዩት አባት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። አባቴ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁኝ መጥተው ሦስት ወር አብረውኝ ነበሩ። ጡረታ ሳይወጡ በፊት በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም።

እዚህ ሳሉ አንድ ቅዳሜ «አቫታር፦ ዘ ዌይ ኦፍ ዋተር»ን ትልቅ ሲኒማ ወስጄ አሳየኋቸው። ፊልሙ ገና እንደወጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ። ሦስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ! እኔ ሰዓቴን ሳይ ነበር። እነዚያው ልጆች ይያዛሉ፣ ያመልጣሉ፣ ደግሞ ይያዛሉ። በመጀመሪያው ፊልም የሞተው ክፉ ሰውዬ ተመልሶ መጥቷል። መሀል ላይ «እንውጣ?» ልላቸው ዞር ስል በዚያ በስሪ ዲ መነጽር ሥር እንባቸው ይወርዳል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩልኝ። አንድ ቃል ሳይሰሙ! «ያ ክንፉ የተቆረጠው ትልቁ ዓሣ ብቻውን ነው የሚዋኘው። ትንሹም ልጅ ብቻውን ነው የሚዞረው። ለዚህ ነው የተግባቡት» አሉኝ። ቀጥለው «ስንት ዓመት ሙሉ ባሕሩን ከላይ አየሁት። ዛሬ ከሥሩ ገባሁ» አሉ። እኔም «አባዬ፣ ታሪኩ እኮ ባዶ ነው» አልኳቸው። ቅር አላቸው።

ይኸው ዓመታት አለፉ፤ እሑድ እሑድ ስደውል አሁንም ያነሱብኛል። ማናችን ነን ትክክል? እኔ ነኝ ደስታቸውን ያበላሸሁት ወይስ ምስሉ ነው ያታለላቸው?

የአባቷ ልጅ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አባትሽን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። የአንቺም ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ስለዚህ በአንድ ቃል የምፈርደው ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ እኔ ፊልም በምን እንደምለካ ልንገርሽ። ያደግኩት ናዝሬት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበሮች፣ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ ብርሃን እንዳይገባ በር ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። እኔ ከጓደኞቼ ትንሽ የተሻለ እንግሊዝኛ ስለነበረኝ ባለቤቱ በነጻ ያስገባኝ ነበር። ሥራዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ መተርጎም ነው። ሲያወሩ እተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ።

አንድ ቀን የአርኖልድን «ተርሚኔተር 2» አመጡ። ካሴቱ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነበር። ያ ፊልም ዓለምን ያስገረመው ከፈሳሽ ብረት በተሠራው ሰው ነው፤ ይቀልጣል፣ ይሰበሰባል፣ የፈለገውን ሰው መልክ ይይዛል። በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ያገኘውም ለዚህ ነው። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ግን ያ ሁሉ ድንቅ የሚታየው እንደ ግራጫ ጭጋግ ነበር። ኦስካር የወሰደውን ነገር አንድም ሰው በደንብ አላየውም። ሆኖም መጨረሻ ላይ ማሽኑ ልጁን ተሰናብቶ ወደቀለጠው ብረት ሲወርድ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ የአውቶቡስ ተራ ወዛደር አለቀሰ። አንዱ ከኋላ «ማሽን ነው እኮ!» አለው። ሰውዬው ዞሮ «ዝም በል!» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያዬ ይሄ ሆነ። ፊልሙን በተበላሸ ካሴት አስቢው። ምስሉ ሲወሰድ ምን ይተርፋል?

በዚህ መለኪያ አንቺ ያሸነፍሽ ይመስላል። ዘግይቼ ያየሁት ግን መለኪያዬ ራሱ ጉድለት አለበት። ዘፈንን ግጥሙን ብቻ አንብቦ እንደመፍረድ ነው። ዜማው የት ሄደ? ፊልም የሚናገረው በምስል ነው። አባትሽ ደግሞ ፊልሙን ያዩት ፊልም በሚናገርበት ቋንቋ ብቻ ነው። አንቺ ሲናገሩ ሰማሽ፤ እሳቸው ሲያደርጉ አዩ። የዚህ ፊልም ደካማው ነገር ደግሞ ንግግሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ቀላል ታሪክና ደካማ ታሪክ አንድ አይደሉም። የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አባት ልጆቹን ይዞ ተሰደደ። ሰው አገር ጥገኛ ሆነ። ልጆቹ በእጃቸውና በጭራቸው ተናቁ። ጠላት ተከትሎ መጣ። አባት የበኩር ልጁን ቀበረ። ይህን ታሪክ ኮምቦልቻም ይገባቸዋል፣ አንቺም ሜሪላንድ ተቀምጠሽ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ያለ አስተርጓሚ የተረኩልሽ ቀላል ስለሆነ ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ይህን አስቦበት ያደረገው ይመስለኛል። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ2.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ከተመልካቹ ብዙው እንግሊዝኛ የማይናገር ነው።

ደካማው ሌላ ቦታ ነው። ድክመቱ ያለው «ለምን?» የሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009ኙ የመጀመሪያ ፊልም ሰዎች ሰማያዊዎቹ ፍጡሮች ወደሚኖሩባት ሩቅ ዓለም፣ ወደ ፓንዶራ፣ የሄዱት ለአንድ ማዕድን ነበር። ኪሎው 20 ሚሊዮን ዶላር ይሸጣል ተባልን። በሁለተኛው ፊልም ማዕድኑ ተረሳ። አሁን ምድር እየሞተች ስለሆነ ፓንዶራ መኖሪያ ትሁን ተባለ። እሱንም ሳንጨርስ ከባሕሩ ፍጡር አንጎል የሚቀዳ፣ እርጅናን የሚያቆም ፈሳሽ መጣ። ምክንያቱ በየሰዓቱ ከተቀየረ ተመልካች የሚይዘው ነገር ያጣል። እንዲህ ያለ ምክንያት ውሃ አያነሳም።

የልጆቹ መያዝም እንዳልሽው ነው። ትንሿ ልጅ ራሷ እንደገና መታሰሯን ስታማርር ትሰሚያታለሽ። ጸሐፊዎቹ ድግግሞሹን አውቀውታል ማለት ነው። አውቀውት ተዉት። መጨረሻው ጦርነት ላይ ደግሞ ያ ሁሉ የባሕር ጎሣ ለውጊያ መጥቶ መሀል ላይ ከዓይናችን ይጠፋል። የት ሄዱ? አለቃቸው እንኳ የት ደረሰ? ቤተሰቡ ብቻውን የጠላት መርከብ ላይ ይቀራል። ይሄ ቀላልነት አይደለም፣ ስክሪፕቱ ያልተሠራ መሆኑ ነው።

እኔን ከሁሉም ያናደደኝ ግን የክፉው ሰውዬ ነገር ነው። አስታውሺ፤ ሞቶ በሰማያዊ አካል ተመልሷል። ጫካ ውስጥ የራሱን የድሮ የራስ ቅል ያገኘዋል። የራሱን! በእጁ ይዞ ያየዋል። ከዚያ ጨፍልቆት ይሄዳል። አንድ ሰው የገዛ ሬሳውን አግኝቶ ምን ያስባል? እኔ ማን ነኝ አይልም? ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ፊልም ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ሰውዬውን ወደ ማሳደዱ መለሱት። ያ ዕድል ባከነ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። አንቺ ሰዓትሽን ያየሽው መሀሉ ላይ ይመስለኛል፤ ልጆቹ ሲዋኙ፣ ዓሣ ሲጋልቡ፣ ትንፋሽ መያዝ ሲማሩ። ብዙ ሰው «ያማረ ግን ባዶ» የሚለው ያንን ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ የፊልሙ ልብ እዚያ ነው እላለሁ።

እንዴት እንደተሠራ ልንገርሽ። ተዋናዮቹ እውነተኛ ውሃ ውስጥ ገብተው ነው የተቀረጹት፤ ትልቅ ገንዳ ውስጥ። የጠላቂ ኦክስጅን መጠቀም አልቻሉም፣ ምክንያቱም አረፋው እንቅስቃሴያቸውን የሚመዘግቡትን ካሜራዎች ያሳስታል። ስለዚህ ትንፋሽ መያዝ ተማሩ። ተዋናይቷ ኬት ዊንስሌት ከ7 ደቂቃ በላይ ያዘች። ከላይ የሚመጣው ብርሃን እንዳይረብሽ የውሃው ፊት በትንንሽ ነጭ ኳሶች ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ሰማያዊውን ቆዳ ያለበሳቸው። አባትሽ «ከሥሩ ገባሁ» ያሉት ለዚህ ነው። ትንፋሹ የእውነት ነው፤ ዓይን ይህን ያውቃል።

ግን ልፋቱ ብቻ አይደለም ዋናው። ያ ትንፋሽ ታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው። መጨረሻ ላይ መርከቧ ስትሰምጥ አባትየው ውስጥ ይቀራል። ጀግናው ወታደር ፈርቷል፤ የሚያወጣው መንገድ በውሃ ተሞልቷል። ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ልብ እንዴት እንደሚረጋጋ የሚያስተምረው ያ ሲቆጣው የነበረው ሁለተኛ ልጁ ነው። ልጅ አባቱን ያወጣል። ያንን ረጅም የመዋኛ ሰዓት ካላየሽ ይሄ ቦታ አይነካሽም። «ባዶ» ያልሽው ሰዓት የተከፈለው እዚህ ነው። አባትሽ ያለቀሱት እዚህ ከሆነ አልተታለሉም።

በሰው አገር ልጅ ከአባት ቀድሞ መተንፈስ ይማራል። አባትሽ አንቺ በምትነጂው መኪና ተቀምጠው፣ አንቺ በምታውቂው ቋንቋ መሀል ሦስት ወር ኖረዋል። ከዚህ በላይ አልሄድም።

እና ፍርዴ? ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ልጆቹ መያዝና ስለ ምክንያቱ አንቺ ትክክል ነሽ። ስለ ውሃው ሰዓትና ስለ መርከቧ እሳቸው ትክክል ናቸው። ምስል ብቻውን ፊልም አያድንም። ግን ምስሉ የታሪኩን ሥራ ሲሠራ «ጌጥ ነው» ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አቫታሮች በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ወስደዋል። ሁለቱም ለስክሪፕት አልታጩም። ይሄ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ካሜሮንን የማልምረውም «ተርሚኔተር 2»ን የሠራው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው። እዚያ ኮምፒውተር የሠራው ምስል ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ፍርሃት ይጨምራል፣ ምክንያቱም ልጁ እናቱን እንኳ ማመን አይችልም። እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል። በሁለቱ አቫታሮች መሀል 13 ዓመት ነበረው። የስክሪፕቱ ሦስት ጸሐፊዎች ያንን የራስ ቅል አንስተው አንድ ጊዜ ቢያዩት ምን ነበረበት?

በሚቀጥለው እሑድ ስትደውዪ «ባዶ» የምትለዋን ቃል ተያት። ስለ አሰብ ጠይቂያቸው። ሌሊት ጭነት ሲጠብቁ ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር። እኔም መስማት እፈልጋለሁ፤ ካወሩሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ

አራት የፊልም ተማሪዎች ነን። ያለን አንድ ጥሩ ስልክና አንድ ላፕቶፕ ነው። አጭር ሳይንስ ፊክሽን ልንሠራ ስንል መምህራችን «ያለ ግራፊክስ አይሆንም፣ ድራማ ሥሩ» አለን። እንተወው?

ከአዲስ አበባ

መልስ

አትተዉት!

እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳይ ውስጥ ክሪስ ማርኬር «ላ ዤቴ» የሚባል ፊልም ሠራ። 28 ደቂቃ ነው። ስለ ጊዜ ጉዞና ከጦርነት በኋላ ስለጠፋች ዓለም ነው። ከሞላ ጎደል በሙሉ የተሠራው ከፎቶ ነው፤ የቆመ ፎቶ ከተራኪ ድምፅ ጋር። መሀል ላይ አንዲት ሴት ተኝታ ሳለ ዓይኗን ስትከፍት ብቻ ምስሉ ይንቀሳቀሳል። የዓይን ሽፋን መንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ግን ያስደነግጣል።

ቅርባችሁም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ክረምብስ» ፈልጉና እዩት። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ። ዓለም ካለቀች በኋላ ያለ ታሪክ ነው። ከተማ አልገነቡም፤ ዳሎል ሄዱ። ሰማይ ላይ አንዲት የዛገች መርከብ ተንጠልጥላለች። ከዚያ ውጪ ያለው ድንቅ ነገር የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ የጥንት ቅርስ ተብሎ በክብር ይሸጣል። እኛ የምንጥለው ዕቃ ለእነሱ ቅዱስ ነው። ይህን ለማሳየት ግራፊክስ አያስፈልግም፤ ሰዎቹ ዕቃውን የሚይዙበት እጅ ይበቃል።

መምህራችሁ ክፉ አላሰበም፤ ርካሽ ግራፊክስ እንዳያሳፍራችሁ ብሎ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ በላፕቶፕ መንኮራኩር ለማብረር አትሞክሩ። አንድ ነገር ብቻ ከዓለማችን ቀይሩ። ውሃ በስልክ ካርድ የሚሞላበት ሰፈር ይሁን፤ ሌላው እንዳለ ይቀመጥ። ሰፈሩን ግን በደንብ አሳዩን፤ ጀሪካኑን፣ ሰልፉን፣ ካርድ ያለቀባትን ሴትዮ።

ከመቅረጻችሁ በፊት ደግሞ አንዳችሁ ታሪኩን ለአንድ ወዳጁ በስልክ ይንገረው። ጨለማ ይሁን፣ ምስል የለም። ሰውየው መሀል ላይ «ከዚያስ?» ካላለ ስክሪፕቱን እንደገና ጻፉ። ካለ ቅረጹት። ሲያልቅ ላኩልኝ፤ ትልቅ ስክሪን ላይ አየዋለሁ።