ነዳጅ እያላት ዕዳ የሚያሰጋት ኩባንያ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሂዩስተን ነው። የአንዲት ትንሽ የነዳጅና ጋዝ ኩባንያ አክሲዮን ልገዛ አስቤ ሪፖርቷን ሳየው የረጅም ጊዜ ዕዳዋ ከዓመቱ ሽያጯ ይበልጣል። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትደንግጥ። ዕዳው መቼ እንደሚከፈል እይ። ደግሞም ከሽያጩ ጋር ሳይሆን ሥራው ከሚያስገባው ጥሬ ገንዘብ ጋር አመዛዝነው። እኔ ዕዳው በዓመት ከሚገባው ጥሬ ገንዘብ 2 እጥፍ ካለፈ አልነካውም።

ትልቁ ጣጣ የባንክ ብድሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትንንሾቹ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚበደሩት መሬት ውስጥ ያለውን ክምችት አስይዘው ነው፤ ባንኩም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 2 ጊዜ ክምችቱን እንደገና ይተምናል፣ የነዳጅ ዋጋ ከወረደ የብድሩ ጣሪያም አብሮ ይወርዳል፣ ከጣሪያው በላይ የወሰደች ኩባንያ ደግሞ ከጣሪያው ያለፈውን መልሺ ትባላለች፣ ያውም እጅ ባጠራት ሰዓት! በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገደማ ሲገባ ያየነው ነው። የአሜሪካው ነዳጅ አምራች ዊቲንግ ፔትሮሊየም እንኳ፣ ያውም ትንሽ ሳይሆን፣ ኪሳራ ያወጀው በዚያው ወር መጀመሪያ ነበር።

ስለዚህ ከሪፖርቱ ጀርባ ያሉትን ማብራሪያዎች አንብብ። የሚመጣውን ዓመት ምርት ምን ያህሉን ቀድማ በተቆረጠ ዋጋ አስራለች? ያረጁ ጉድጓዶችን መድፈኛ ወጪስ? እሱ ዕዳ ከሚለው መስመር ውጭ ለብቻው ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ አንተ ደምረው።