ስሙ የሁለታችሁ ነው፤ ቁጥሩስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ምንጣፍና የቤት ዕቃ የምሸጥበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ገንዘብ ላወጣ ባንክ ስሄድ ሒሳብህ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታግዷል አሉኝ። ትዕዛዙን አሳዩኝ፤ ሙሉ ስሜ፣ የሱቄ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ተጽፎበታል። አንድ የአወዳይ ነጋዴ በዱቤ ለሰጠው ምንጣፍ 640,000 ብር ተፈርዶለታል። ባለዕዳው ግን እኔ አይደለሁም። እስከ አያት ድረስ ስሙ ከስሜ ጋር አንድ የሆነ ሞክሼዬ ነው፤ አሁን ሱቁን ዘግቶ ጅግጅጋ ገብቷል። ዓምና መጥሪያ ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ የእኔ አይደለም ብዬ መለስኩት። ለማረጋገጥም ሐረር ፍርድ ቤት ሄጄ በስምህ የተከፈተ መዝገብ የለም ተባልኩ። በሰው ዕዳ እንዴት እጠየቃለሁ? ባንኩንስ መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስምህን አስቀርቼዋለሁ። ከስሞችህ አንዱ መሐመድ ነው ብል ግን የሚያውቅህ ያለ አይመስለኝም። ቀፊራ ገበያ መሐል ቆሜ «መሐመድ!» ብዬ ብጣራ ሽንኩርት የሚመዝነውም፣ ጋሪ የሚገፋውም፣ ጥላ ሥር ሻይ የያዘው ሽማግሌም እኩል ዞር ይላሉ። ለዚህም ነው ድሬ ላይ ሰውን በመዝገብ ስሙ የምንጠራው አልፎ አልፎ የሆነው፤ አንዱን ረጅሙ፣ አንዱን የባቡሩ ልጅ እያልን እንለያቸዋለን። ፍርድ ቤት ግን ቅጽል ስም አያውቅም።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ አጭር ነውና። ባንኩን ተወው። ባንክ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የተጻፈለትን ስምና ቁጥር አይቶ ያግዳል፤ ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የመመርመር ሥልጣን የለውም። በሰው ዕዳ ትጠየቃለህ ወይ ላልከው፣ አትጠየቅም። ግዴታ አለብህ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ይናገራል። ስም መግጠም ብቻውን ማንንም ባለዕዳ አያደርግም።

አሁን ወዳልጻፍከው ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ቆምኩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን የምንለው፣ አሥር አኃዝ ነው። ስም ይገጥማል፤ የአባት ስምም የአያት ስምም ይገጥማል። የሱቅ ስምም ቢሆን ይገጥማል፤ «ሰላም» ወይም «በረካ» የሚል ሱቅ የሌለበት ሰፈር የት አለ? አሥር አኃዝ ግን በአጋጣሚ አይገጥምም። ያንተ ቁጥር ትዕዛዙ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ስላስገባው ነው። ማን አስገባው?

መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ንጹሕ ነው፤ ከሳሹ ከተፈረደለት በኋላ የባለዕዳውን ንብረት ሲያፈላልግ በስም ጠይቆ ያንተን ቁጥር አግኝቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የአፈጻጸም ከሳሽ ቸኳይ ነው፣ ስሙን ካገኘ ሌላውን አያጣራም። ሁለተኛው ግን የሚያሳስበኝ ነው። ቁጥርህ ዕቃው ሲወሰድ በተጻፈው የዱቤ ውል ወይም በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ መጀመሪያ የታየው የትኛው ወረቀት ላይ ነው? ይህን ሳታውቅ አንዲት መስመር አቤቱታ እንዳትጽፍ።

ሌላም አለ። ሞክሼህ ሱቅ ዘግቶ ጅግጅጋ መግባቱን ማን ነገረህ? መንገድ ላይ አይተኸው የማታውቀውን ሰው አድራሻ እንዲህ ረግጦ የሚናገር የለም። ታውቀዋለህ። ምናልባትም በደንብ ታውቀዋለህ። እሱም እንዳንተ ምንጣፍ ነበር የሚያመጣው። እኔ የምፈራው ምን መሰለህ? «ስማችን አንድ አይደል፣ ማን ይለየናል» ተባብላችሁ ንግድ ፈቃድህን ወይም የፈቃድህን ኮፒ ሰጥተኸው እንደሆነ ነው። ሰጥተኸው ከሆነ አልፈርድብህም፤ በዚህ ከተማ ፈቃድ ሲዋዋሱ ያየሁት ቤተ ዘመድና ጓደኛ ብዙ ነው። ግን ሕጉ አይፈቅድም፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። እንዲህ ከሆነ ጉዳይህ የሞክሼ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የራስህ ጉዳይ ይሆናል። ይህን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ለምትቀጥረው ጠበቃ በሩን ዘግተህ ንገረው። «ሰውየውን ጨርሶ አላውቀውም» የሚል ቃለ መሐላ ግን እንዳትፈርም። የዕዳው ክርክር የገንዘብ ነው፤ የሐሰት መሐላ ግን ወንጀል ነው።

መጥሪያውን መመለስህን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰህ አልፈኸዋል። እኔ ግን በዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም በስም መመሳሰል የተነሳ ቢሮዬ ከመጡት ሰዎች መካከል ይህን ስሕተት ያልሠራ የለም ብል አላጋነንኩም። ሰው መጥሪያ ሲመጣለት ስሙን ያያል፣ ጉዳዩን ያያል፣ ጉዳዩ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ «አልቀበልም፣ ሰውየውን ፈልገው» ይላል። በእሱ ልብ ነገሩ አልቋል። በፍርድ ቤቱ ዘንድ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። መጥሪያ አድራሹ ተመልሶ ምን ብሎ የሚጽፍ ይመስልሃል? «ተከሳሹን አግኝቼው መጥሪያ አልቀበልም ብሏል» ብሎ ነው። «ተከሳሽ ያልሆነ ሞክሼ አግኝቼ» ብሎ አይጽፍም፤ አንተን ከሞክሼህ የሚለይበት መንገድ የለውምና። ዳኛው ፊት ያለው አንድ ስምና አንድ ሪፖርት ነው። እምቢ ያለ ሰው እንደ ደረሰው ይቆጠራል፤ ጉዳዩ በሌለህበት ይሰማል፤ ይፈረዳል። ሁለት ሰዎች መኖራችሁን ችሎቱ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። በስማቸው የመጣ የውርስ ክርክር መጥሪያ ነበር። ሰውየው ጨዋ ናቸውና አልመለሱትም። ፈርመው ተቀበሉና ሬዲዮኑ ሥር አስቀመጡት፤ «ሞክሼዬ ሲመጣ እሰጠዋለሁ» ብለው። ሞክሼው ከለገሀሬ ወደ ሳቢያን ቤት ቀይሮ ነበርና አልመጣም። ስምንት ወር ቆይቶ የመጣው የፍርድ አፈጻጸም ትዕዛዝ ነበር። ቢሮዬ ሲመጡ መጥሪያውን ይዘውት ነበር፤ የሬዲዮኑ አራት እግር ምልክት በወረቀቱ ላይ ታትሟል። ፊርማቸውም ከታች አለ፤ ጥርት ያለ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ፊርማ። ያንን ፊርማ ለማስተባበል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብናል።

ማድረግ የነበረብህ ቀላል ነበር። መጥሪያውን ተቀብለህ፣ ቀኑን ጠብቀህ ችሎት ቀርበህ «ስሙ የእኔ ነው፤ ዕቃውን የወሰድኩት ግን እኔ አይደለሁም» ማለት። ከሳሹ እዚያው ነው። ዕቃ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ የወሰደበትን ሰው ፊት አይረሳም። አይቶህ «ይህ አይደለም» ቢል ኖሮ ነገሩ ያን ጠዋት ባለቀ ነበር። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ለመድረስ የምትከፍለው የመኪና ሒሳብ ነበር ኪሳራህ።

ሐረር ስል ደግሞ ሌላ ነገር አስታወስከኝ። «ሐረር ፍርድ ቤት» ሄድኩ ብለሃል። የትኛው? ሐረር የከተማ ስም ነው፤ ያ ከተማ የሐረሪ ክልል መቀመጫ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ያለው የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መስተዳድር ተቀምጧል። አወዳይ የሐረሪ ክልል ከተማ አይደለችም፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ናት። ወደ ሐረር ስትሄድ መሐሏን አቋርጠህ አልፈሃል። የአወዳይ ነጋዴ የሚከስሰው በዞኑ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ አንተ የጠየቅከው ግን የክልሉን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም «ሐረር ናቸው»። መዝገብ ቤቱ የለም ያለህ ሐቁን ነው፤ እዚያ የለም። በዚያ ላይ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና ስምህ የሚመዘገበው በቁቤ ነው። መሐመድ የሚለውን ስም በቁቤ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አይቼዋለሁ። በአማርኛም መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ እየተባለ ይጻፍ የለ? መዝገብ የሚፈለገው በመዝገብ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ባንኩ ባሳየህ ትዕዛዝ አናት ላይ ነበር። ፎቶ አንሥተኸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካላነሣህ ነገ ጠዋት ተመለስ።

  

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሦስት በሮች አሉ። ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱ ይነሣልኝ የሚልበት ነው፤ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ይሰጣል። ቁጥር 358 በክርክሩ ውስጥ መግባት ሲገባው ወይም ሲችል ያልገባና ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው ከመፈጸሙ በፊት የሚቃወምበት ነው። ቁጥር 418 ደግሞ ለሌላ ሰው ዕዳ ንብረቴ ተያዘ የሚል ሰው መያዣው ይነሣልኝ የሚልበት ነው። በሮቹ ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በ78 ከገባህ «ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ ግን አልሰማሁም ነበር» ማለትህ ነው። በ418 ከገባህ «ተከሳሹ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ የእኔ ነው» ማለትህ ነው። ሁለቱን በአንድ አቤቱታ ደበላልቆ የሚጽፍ ሰው ራሱን ከራሱ ያጣላል። ቁጥርህ ውሉ ላይ ካለ 78 ሊሻል ይችላል፤ በአፈጻጸም ጊዜ ብቻ የገባ ከሆነ 418። የትኛው እንደሚያስገባህ የፍርዱን ግልባጭ ሳላይ አልናገርም፤ ሳያይ የሚነግርህ ሰው ካለም አትመነው።

ጊዜውን ቁጠር። ባንኩ የነገረህ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ብለሃል። አንድ ወሩ መቆጠር የጀመረው ቢያንስ ከዚያን ቀን ነው፤ ይህን ስታነብ የቀረህ በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። ዘግይቶ የሚጻፍ ግሩም አቤቱታ በጊዜው የተጻፈ ተራ አቤቱታን አያህልም።

እስከዚያ ድረስ ለከሳሹ ብር አትላክለት። «ለመገላገል ግማሹን ልክፈል» የሚል ምክር ከዘመድ ይመጣብሃል፤ ሽማግሌም ይላክብህ ይሆናል። ሽማግሌ ጋር መቀመጡ ነውር የለውም። ግን በእርቅ ወረቀት ላይ «ዕዳውን እከፍላለሁ» ብለህ ከፈረምክ የስም ክርክሩ አበቃ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ስለ መብታችን ተሳስተን ነበር ብሎ መመለስም አይቻልም። ጠበቃህ ሳያነበው አትፈርም።

የምትሰበስባቸውን ልንገርህ። የባንኩን ትዕዛዝ ግልባጭ፣ ከመዝገብ ቤት ደግሞ የክሱን፣ የውሉን ወይም የደረሰኙን፣ የፍርዱንና የመጥሪያ አድራሹን ሪፖርት ግልባጭ አውጣ። የሪፖርቱን ቀን መጥሪያው ወደ አንተ ከመጣበት ቀን ጋር አስተያይ። ውሉ ላይ ያለውን ፊርማ ከባንክ የፊርማ ናሙናህ ጋር አስተያይ፤ ለጠበቃህም አሳየው። ከገቢዎች ቲንህ የተመዘገበበትን ማስረጃ ጠይቅ። የልደት የምስክር ወረቀት ካለህ የእናትህ ሙሉ ስም እዚያ አለ፤ ሁለት ሞክሼዎችን ከአያት ስም ይልቅ የእናት ስም ይለያቸዋል። የፋይዳ ምዝገባ ካለህ አሥራ ሁለት አኃዙን አምጣ። ከቀበሌ «ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው» የሚል ደብዳቤ የሚያጽፉ አሉ፤ ይጻፍልህ፣ አይጎዳም፤ ግን ከሳሹ ከተሟገተበት ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

የሞክሼህን የጅግጅጋ አድራሻ፣ ስልኩንም ካለህ፣ ለጠበቃህ ስጥ። ልብህ እንደማይወደው አውቃለሁ። ግን አሁን ይኸው ስም የተጻፈበት ፍርድ አለ፤ ስሙን የሚሸከመው ሰው ካልቀረበ ፍርዱን የሚሸከመው ያንተ ሒሳብ ነው።