የአንባቢያን ጥያቄ፦ የተዳከመ ቡድን ይፍረስ ወይስ ይታገል?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በሠፈሬ በአራት ኪሎ ቤዝቦል የሚከታተል ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔን ያስለመደኝ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ሲያሽከረክር 22 ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አንድ ጊዜ ለገና ሲመጣ የከተማውን ክለብ የናሽናልስን ቀይ ኮፍያ አምጥቶ ራሴ ላይ ደፋልኝ፤ ከዚያ ወዲህ መውጫ አጣሁ። ጨዋታው እዚያ ማታ ሲጀመር እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ባለቤቴ እንዳትነቃ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ አያለሁ። ችግሩ ነቅቼ የማየው ሽንፈት መሆኑ ነው። ክለቡ በ2019 ዋንጫ ካነሳ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ስድስት የውድድር ዘመን በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በልጧል። እኔ ያሉትን ጥሩ ተጫዋቾች እንደገና ሸጦ ከተስፋ ቡድኑ ይጀምር ባይ ነኝ። ወንድሜ በበኩሉ እሑድ እሑድ በደወለ ቁጥር፣ «በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነው ዋንጫ ያነሳው፤ ያኔ አንተን የመሰለ ሰው ቢመራው ኖሮ ሁሉንም ሸጦ ይጨርሳቸው ነበር» ይለኛል። ከሁለታችን ማን ልክ ነው?

የቡና ደጋፊ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ፒያሳ በሚገኘው ቢሯችን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ክርክሩ ወዲያው ወደ ጊዮርጊስና ቡና ስለዞረ፣ መልሱን በር ዘግተን መጻፍ ግድ ሆኖብናል። ዓመቶቹን፣ ካልገለጽን በቀር፣ እርስዎ እንዳደረጉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ቤዝቦልን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር መቅደም አለበት። ሜጀር ሊግ በሚባለው ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ መውረድ የሚባል ነገር ግን የለም። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ክለብ «ሦስት ዓመት ልሸነፍና ወጣቶቼን ላብስል» ቢል፣ ሁለተኛውን ዓመት የሚያሳልፈው በታችኛው ሊግ ነው። እዚያ ግን የመጨረሻ የወጣ ክለብ አይቀጣም፤ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ይሸለም ነበር ቢባል ይቀላል፤ ምክንያቱም ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ የወጣቶች ምርጫ ቀድሞ የሚመርጠው እሱ ነበር። ወጣቱ ተጫዋች በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ድረስ ነጻ ተዘዋዋሪ መሆን አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ እምብዛም አይርቅም። ይህ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር፤ ትንሽ ገንዘብ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ያው ልጅ ነጻ ሲወጣ ከሚጠይቀው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን። «አፍርሶ መሥራት» የሚባለው ስልት የተወለደው ከእነዚህ ደንቦች ነው፤ ሥራ አስኪያጆቹ ከኛዎቹ ስለሚታገሡ አይደለም።

ወደ ወንድምዎ ክርክር እንምጣ። የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው። ናሽናልስ በግንቦት 2019 ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሂውስተን አስትሮስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የሊጉን ፍጻሜ ዋንጫ ወሰደ። ነገር ግን ያ ቡድን የተዳከመ ቡድን አልነበረም። ኳስ የሚወረውሩለት ማክስ ሸርዘርና ስቲቨን ስትራስበርግ ነበሩ፤ ከመቺዎቹ መካከል አንተኒ ሬንዶንና ገና የ20 ዓመት ልጅ የነበረው ሁዋን ሶቶ ነበሩበት። ሁለት ወር መሸነፍና ስድስት ዓመት መሸነፍ አንድ በሽታ አይደለም፤ የመጀመሪያው ጉንፋን ነው፣ ተኝተው ይነሡበታል። ወንድምዎ የጉንፋኑን መድኃኒት ለሌላው ሕመም እያዘዙ ነው።

ደግሞም የእሳቸው መንገድ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። ዋንጫው በተነሣ ሁለት ወር ሳይሞላ ክለቡ «መታገላችንን እንቀጥላለን» በሚል መንፈስ የፍጻሜው ኮከብ ለነበረው ለስትራስበርግ የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ ጉዳት እየደጋገመው በጠቅላላው ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረ። ሬንዶንም በዚያው ታኅሣሥ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ። የቡድኑ መሠረት የተናጋው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሽያጩ የመጣው በኋላ ነው።

በሐምሌ 2021 ሸርዘርና ትሪያ ተርነር በወጣት ተጫዋቾች ልውውጥ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተሰጡ፤ በነሐሴ 2022 ደግሞ ሶቶ ራሱ ወደ ሳንዲያጎ ፓድሬስ ተላከ። ሶቶ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት አልቀበልም ብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የተስማማው በ765 ሚሊዮን ዶላር ስለሆነ፣ ልጁ ሒሳብ አልተሳሳተም። በእሱ ምትክ ከመጡት ወጣቶች መካከል ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ማከንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ በ2025 ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ዉድ በልውውጡ ዕለት የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዋናው ቡድን ውስጥ የታየው በሐምሌ 2024 ነው።

ያ ሽያጭ ልክ ነበር ብለን እናምናለን፤ ወንድምዎ ይህን ሲያነቡ ኮፍያውን መልስ ሊሉዎት ይችላሉ። በ2022 ክለቡ 107 ጨዋታ ተሸንፏል፤ ይህም ወደ ዋሽንግተን ከመጣ ከ2005 ወዲህ የከፋው ነው፤ ሶቶም ከዓመቱ ግማሽ በላይ አብሮት ነበር። ሶቶ ነጻ ተዘዋዋሪ የሚሆነው በ2024 መጨረሻ ስለነበረ፣ ቡድኑ እስኪድን ድረስ ልጁ አይጠብቀውም ነበር። የሚሸጠውን ከማይሸጠው የምንለይበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ጎበዝ መሆኑን ወይም ውድ መሆኑን አንጠይቅም፤ ቡድኑ በሚያሸንፍበት ዓመት እዚያ ይኖራል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ታዲያ እርስዎ ረቱ ማለት ነው? አልረቱም፤ ምክንያቱም እርስዎ የሚሉት አሁንም ሌላ ዙር ይሸጥ ነው። የቡና ደጋፊ ስለሆኑ በቡና እናስረዳ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል፣ ማለትም ግንዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ሲቆረጥ፣ ከዚያ ግንድ ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አይለቀምም። የግብርና ባለሙያዎችም ገበሬው ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዳይጎነድል፣ በየዓመቱ ከፊሉን እየቆረጠ ከቀሪው እየለቀመ እንዲቆይ ይመክሩታል። ሥራው በመጥረቢያና በመጋዝ አያልቅም። ከግንዱ ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ገበሬው ጠንካሮቹን ጥቂቶች አስቀርቶ ሌላውን መገንጠል፣ ማረም፣ ኮምፖስት መጨመር ይኖርበታል። ጎንድሎ ዞር ያለ ሰው ያተረፈው ማገዶ ነው። በሦስተኛው ዓመት ቀንበጡ ሊያፈራ ሲል እንደገና መጋዝ ያነሣውን ደግሞ ምን እንደምንለው አናውቅም።

ናሽናልስ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። በ2023 71 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2024ም 71፤ በ2025 ወደ 66 ወረደ። ባለቤቶቹ የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ እንደሚያስቡ ገልጸው፣ በ2024 መጀመሪያ አንሸጥም አሉ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በወጣቶቹ ዙሪያ ከባድ ገንዘብ የወጣበት ተጫዋች አልመጣም። በሐምሌ 2025 የ2019ኙን ዋንጫ ያመጡት ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። መልሶ ግንባታ ተብሎ የተጀመረው ሥራ ቀስ በቀስ ቁጠባ ሆኖ ቀረ ብንል የምናጋንን አይመስለንም።

ቴክሳስ ሬንጀርስ ያደረገውን እንይ። በ2021 102 ጨዋታ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ለኮሪ ሲገር የአሥር ዓመት 325 ሚሊዮን፣ ለማርከስ ሴሚየን የሰባት ዓመት 175 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና 94 ጊዜ ሲሸነፍ የሳቁበት ብዙዎች ነበሩ። በ2023 ግን የክለቡን የመጀመሪያ ወርልድ ሲሪስ አነሳ፤ በፍጻሜው ያሸነፈው አሪዞናም ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት 110 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነበር። ሬንጀርስ ወጣቶቹ እስኪደርሱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የሚደርሱበትን ቤት ቀድሞ አዘጋጀ።

ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ለተሳካለት ምሳሌ ሰው ሁሉ ሂውስተንን ይጠራል። እውነት ነው፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2013 በቅደም ተከተል 106፣ 107 እና 111 ጊዜ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ አነሳ። ሆኖም የቡድኑ ምሰሶ ሆሴ አልቱቬ ከማፍረሱ በፊት ክለቡ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው፤ በ2013 በመጀመሪያ ደረጃ የተመረጠው ማርክ አፔል ደግሞ በሂውስተን ዋና ቡድን አንድም ጨዋታ አላደረገም። ያ ዋንጫ በካሜራ የተጋጣሚን ምልክት በመስረቅ ቅሌት እንደጠቆረም አይዘነጋም። ከዚህ በላይ ደንቡ ራሱ ተቀይሯል፤ ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምርጫዎች በዕጣ ስለሚወሰኑ፣ ከሁሉ የባሱት ሦስት ክለቦች አንደኛ የመምረጥ ዕድላቸው እያንዳንዳቸው 16.5 በመቶ ብቻ ነው። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጊዜ ተሸንፎ በዘመናዊው ሊግ ታሪክ ያልታየ ሽንፈት ካስመዘገበ በኋላ፣ በ2024ቱ ድራፍት በዕጣው ስለተጠቀመና ደንቡ በተከታታይ ስለማይፈቅድለት፣ በ2025 የመረጠው አሥረኛ ሆኖ ነው። ይህ ክለብ በ2016 መጨረሻ ኮከቡን ክሪስ ሴልን ሰጥቶ ማፍረስ የጀመረ፣ በ2020 እና በ2021 ለጥሎ ማለፍ ደርሶ በመጀመሪያው ዙር የተመለሰ ነው። አንድ ጊዜ ማፍረስ የለመደ እጅ ሁለተኛ ጊዜ አይከብደውም።

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየ የፒያሳ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «እስከዚያ የት እንኑር፣ የሚሠራውስ መቼ ያልቃል» የሚል ነበር። ወንድምዎ በዚህ በኩል እውነት አላቸው፤ ታክሲ ነድተው ባገኙት ገንዘብ ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ ክለቡ በየትኛው ዓመት ለማሸነፍ እንዳሰበ የመጠየቅ መብት አለው፤ ዓመቱን የማይናገር ክለብ እየገነባ መሆኑን ማንም ሊያምነው አይገባም። ስለዚህ በእሑዱ ስልክ እንዲህ ቢሏቸው እንመርጣለን፦ የ2022ቱ ሽያጭ ልክ ነበር የሚለው ነጥብ የእኔ ነው፣ ከ2023 በኋላ መግዛት ነበረበት የሚለው ደግሞ የእርስዎ። ያሉትን ወጣቶች መሸጥ ግን የሁለታችሁም አይሁን።

ጥያቄ፦

የ12 ዓመት ልጄን የቤዝቦል ክለቦች አፍርሶ ለመሥራት ሲሉ መሸነፍን እንደሚመርጡ ስነግራት «ክለቡ መሸነፍ ከፈለገ ተጫዋቾቹ ለምን ይሮጣሉ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

እናት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦

ውድ እናት፣ መሸነፍን የሚመርጠው ቢሮ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ እሱም ደካማ ቡድን አዋቅሮ ሜዳ ይልካል እንጂ «ተሸነፉ» ብሎ አያዝም። ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ነገ ሥራ ማግኘቱ ዛሬ በሚመታው ኳስ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለመሸነፍ ምንም ምክንያት የለውም። ለልጅዎ የዋይት ሶክስን የመጨረሻ ሳምንት ይንገሯት። ቡድኑ በመስከረም 2024 120ኛ ሽንፈቱን ቀምሶ ወደ ቺካጎ ሲመለስ፣ ታሪካዊውን 121ኛ ለማየት የመጣ ተመልካች ብዙ ነበር፤ ባለቤቱ ክለቡን እንዲሸጥ የሚጠይቅ ጩኸትም ከመቀመጫው ይሰማ ነበር። እነዚያ ልጆች ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ያደረጓቸውን ሦስቱንም ጨዋታዎች አሸነፉ። 121ኛው የመጣው በማግሥቱ በዲትሮይት ሜዳ ነው፤ ዲትሮይትም በ2017 ትልቁን ወርዋሪውን ጀስቲን ቨርላንደርን ሸጦ በ2019 114 ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ፣ በዚያ ምሽት ድል ከአሥር ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፍ በቃ።