ተርብ ነው ወይስ ንብ? ነከሰ ወይስ ነደፈ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በረንዳችን ጣሪያ ሥር ቢጫና ጥቁር ነፍሳት ግራጫ ቤት ሠርተዋል። ባለቤቴ «ንብ ነከሰኝ» ብትል እናቴ በስልክ ሰምተው «ተርብ ነደፈኝ በይ» ብለው አረሟት። ልክ ማን ነው? ቤታቸውንስ ቀፎ እንበለው?

መልስ፦ እናትዎ በሁለቱም ቃል ልክ ናቸው።

ነከሰ የጥርስ ሥራ ነው፤ ውሻ ይነክሳል። ነደፈ ግን መርዝን ይጠይቃል። ጊንጥ በጅራቱ ይነድፋል። እባብም መርዙን የሚያስገባው በጥርሱ ሆኖ ሳለ «እባብ ነደፈው» እንላለን። ይህን ልዩነት እወደዋለሁ፤ አማርኛ የተመለከተው አካሉን ሳይሆን መርዙን ነው።

ንብና ተርብም ድሮ የተለዩ ናቸው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም 1፥44 ላይ የምታሳድደው ንብ ናት፤ 7፥20 ላይ የሚሰደደው ተርብ ነው። በዓይን ለመለየትም አይከብድም። ንብ ጠጉራም ናት፤ ተርብ ልሙጥ ሆኖ ወገቡ እንደ ክር የቀጠነ ነው። የንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ቆዳ ውስጥ ይቀርና እሷ ትሞታለች። ተርብ ግን ደጋግሞ ይነድፋል።

በረንዳዎ ላይ ያለው ሲበር ረጃጅም እግሮቹን የሚያንጠለጥል ከሆነና አንቴናው ብርቱካንማ ከሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው አውሮፓዊ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም። የአጥርዎን እንጨት ፍቆ፣ በምራቁ አላቁጦ ወረቀት ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ወረቀት ሠሪ ተርብ» ብለው ቢጠሩት ደስ ይለኛል። በእንግሊዝኛው «ዋስፕ» ማለት አያስፈልግም።

«ቀፎ» የሚለውን ግን ይተዉት። ቀፎ ሰው ከሸምበቆ፣ ከጭቃና ከእበት ሠርቶ ለንብ የሚሰቅለው ነው። የዛፍ ፍልፍል ውስጥ የገባችን ንብ እንኳ «ቀፎ ሠራች» አንልም። ባዶ ሽፋንነቱ ስለጎላ ነው «የስልክ ቀፎ» ማለት የቻልነው። ተርብ የሚኖርበትን ራሱ ስለሚሠራ «የተርብ ቤት» ወይም «የተርብ ጎጆ» ይበሉ። ወደ ታች የተከፈቱት ባለ ስድስት ጎን ክፍሎችም «የማር እንጀራ» አይባሉም፤ ሰፈፍም ማርም የላቸውም። የያዙት እንቁላልና እጭ ነው፤ እጮቹን አዋቂዎቹ የታኘከ አባጨጓሬ ይቀልቧቸዋል።

እናቲቱን ተርብ «ንግሥት» ማለት ይቻላል። ንብ አናቢ አባቶች የንቧን ንግሥት «አውራ» ይሏታል፤ አውራ ዶሮ የምንልበት ቃል ለእንቁላል ጣይ መዋሉ ይገርመኛል፤ ግን ትርጉሙ መሪ ነውና ያስኬዳል።

ግቢዎ ውስጥ መሬት ውስጥ ገብተው የሚወጡ ቢጫዎች ካዩ ደግሞ ሌላ የተርብ ወገን ናቸው፤ «የጉድጓድ ተርብ» ብለው ይለዩዋቸው።