ፎቶው ያምራል፣ ትከሻው ግን ስንት ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሰልባጅ ናቸው። ደሴ ስለበረደ ይመስለኛል። ረጅም ደብዳቤ የጻፈችውን ልጅ ላስቀድም።

«ሰላም እትዬ። ከደሴ ሆጤ ነኝ። ብርዱን ታውቂዋለሽ። የሱፍ ካፖርት ስፈልግ ቴሌግራም ላይ አንድ የሰልባጅ ቻናል አገኘሁ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል፣ ዋጋው 2,200 ብር። ‹ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ቀብድ ላኪ› ሲለኝ 500 ብር ላኩ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ካፖርቱም የለም፣ ብሩም የለም፣ ብርዱ ግን አለ። ኦንላይን ሰልባጅ የት ነው የሚገዛው? እንዴትስ ነው ሳልሸወድ የምገዛው?» ብርድ የመታት

እህቴ፣ ቻናሉን ሪፖርት አድርጊና 500 ብሩን እርሺው። አትፈሪ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ራሴ በፎቶ ብቻ አምኜ ሌዘር ጃኬት ገዝቼ አውቃለሁ። መጣ፣ ለበስኩት፣ ፒያሳ ወጥቼ ተኩራራሁበት። በሦስተኛው ቀን ክርኑ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። ለካ ሌዘር ሳይሆን ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «ሰልባጅ ነው እኮ እህት» አለኝ። ይኸው መልሱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂ። ልባሽ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ገበያው ላይ የምታዪው አብዛኛው ቦንዳ በጓሮ የመጣ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ የሚሰጥሽ የለም፣ «መልሼ ልቀይር» ብትዪ የሚሰማሽም የለም። ሁሉም ጥንቃቄ ብሩ ከእጅሽ ሳይወጣ በፊት ነው።

የት ለሚለው፦ ቴሌግራም አለ፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ልብስ እያነሱ የሚሸጡ አሉ፣ ፌስቡክ ላይ የከተማ የግዢና ሽያጭ ግሩፖች አሉ፣ ጂጂ የሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽም አለ። ኢንተርኔት ላይ ስሙን የምትሰሚው ቪንትድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ሊትዌኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ሰው ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ የሚሸጥበት፣ ዋጋውም ደህና። ግን ወደኛ አይልክም። ጀርመን ወይም ጣሊያን እህት ካለችሽና በዓመት አንዴ የምትመጣ ከሆነ፣ እዚያ ገዝታ በሻንጣዋ ታምጣልሽ። ሌላ መንገድ አትፈልጊለት።

አሁን የእኔን ምክር ስሚ። ካፖርት አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬድሻል? ኮምቦልቻ አጠገብሽ ናት! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። እና እስቲ አስቢው፣ ከደሴ ተቀይሮ ኮምቦልቻ የገባ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው፣ ያ ወፍራም ካፖርቱ እዚያ ምን ይሠራለታል? ቁም ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን እየሸተተ ይኖራል። የሁለቱን ከተሞች ግሩፖች ግቢና «ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የማትለብሱት የሱፍ ካፖርት አለ?» ብለሽ ጻፊ። የሚሸጥ ከመፈለግ ይልቅ የምትፈልጊውን መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ደግሞ ሚኒባስ ይዘሽ ሄደሽ፣ ለብሰሽ፣ ዞር ዞር ብለሽ አይተሽ ነው የምትከፍዪው። ስልኩ ለመፈለጊያ ነው፣ መግዣው እጅሽ ነው።

የግድ ከሩቅ ቻናል ከሆነ ግን ቻናሉን መርምሪው። 40 ሺህ አባል አለው እያለ እያንዳንዱ ፖስት 150 ሰው ብቻ ካየው፣ አባላቱ የተገዙ ናቸው። ኮሜንት ዘግቶ «ደስተኛ ደንበኞቻችን» እያለ ስክሪንሹት ብቻ የሚለጥፍም አያስተማምንም። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ጣይው፤ የቱርክ ሱቅ ማስታወቂያ ከሆነ ይወጣልሻል። ከዚያ ቪዲዮ ጠይቂ። ልብሱ አጠገብ የአንቺ ስምና የዛሬው ቀን በወረቀት ተጽፎ፣ ገበሩ ተገልብጦ፣ ብብቱ፣ የአንገቱ ጠርዝ፣ የእጅጌው ጫፍ ይታይ። ሱፍ ከሆነ መስኮት ላይ በብርሃን አንስቶ ያሳይሽ። ብል የበላው ቀዳዳ እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህን ሁሉ «አይመቸኝም» ካለ፣ ለአንቺም አይመችሽ።

ቁጥሩን ተይው። ኤል፣ ኤም፣ 38፣ 42፣ ምንም አይነግርሽም። ፈረንሳይ 38 ያለችውን ጀርመን 36 ትለዋለች፣ ጣሊያን 42፣ እንግሊዝ 10። አንድ ቦንዳ ውስጥ ደግሞ የሁሉም አገር ልብስ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ። ካለሽ ጃኬት ሁሉ ልክሽ የሆነውን አልጋ ላይ ዘርጊው፣ ቁልፉን ዝጊ፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌውን ርዝመት ለኪና ስልክሽ ላይ ጻፊ። ሻጩ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በሴንቲ ሜትር ይላክልሽ። እጅጌ ቢረዝም ይታጠፋል፣ ወገብ ቢሰፋ ይጠባል፣ ዚፕ ይቀየራል። ትከሻ ግን ካለፈ አለፈ። ካፖርት ትከሻው ላይ ከተሳሳትሽ ልብስ ሰፊውም «ተይው እህቴ» ነው የሚልሽ፣ ሙሉውን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሆነ።

ቀብድ የሚባል ነገር አትላኪ። «ሰው ሊወስደው ነው» ካለሽ ይውሰደው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ እዚያ ያለ ዘመድ ሄዶ አይቶ ይረከብና በአውቶቡስ ይጫንልሽ።

«እትዬ፣ እናቴ ሰልባጅ ቤቴ አይገባም ብላለች። ‹የሙት ልብስ ነው፣ እከክ ያመጣል› ትላለች። እውነት ነው?» ከሰኞ ገበያ

እናትሽ ብቻቸውን አይደሉም። ጋናዎች ለልባሽ ልብስ ያወጡት ስም «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ደህና ልብስ ባለቤቱ ሳይሞት እንዴት ይጣላል ብለው። ኬንያዎች ሚቱምባ ይሉታል፣ ትርጉሙ ጥቅል ነው፣ እኛ ቦንዳ እንደምንለው። እውነቱ ግን ቀለል ያለ ነው። ሰዎቹ ሰለቻቸው፣ ሰጡት፣ ተለየ፣ ተጠቅጥቆ መርከብ ላይ ተጫነ።

እከክን በተመለከተ፣ የምታመጣው ነፍሳት ከሰው ገላ ከተለየች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አትኖርም፣ ቦንዳ ደግሞ ሳምንታት ይጓዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ትናንትና ሱቅ ውስጥ ለክቶ ያወለቀው ሰው ነው። ስለዚህ እጠቢ። ጥጥ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፊው፤ ቀለሙ እንዳይነካካ ለብቻው። ሱፍ ከሆነ ፍል ውሃ እንዳታስነኪው፣ ካፖርቱ ለሕፃን ልጅሽ ይሆናል! ፌስታል ውስጥ አጥብቀሽ አስረሽ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው፣ ከዚያ ፀሐይ አሳይው፣ እርጥብ ጨርቅ ደርበሽ ስፌቶቹን በካውያ ሂጂባቸው። ሽታው አልለቅ ካለ ለሚታጠበው ልብስ መጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ጨምሪ፣ ሲደርቅ አቼቶውም አይሸትም። የውስጥ ልብስ ግን አዲስ ግዢ፣ እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር ነኝ።

ጨርቁ ሱፍ ይሁን ፖሊስተር ካልለየሽ፣ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዘሽ በክብሪት አቃጥያት። ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ይሠራል። ክሯን በጉጠት ያዢያት፣ ጣት አይደለም።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ኦንላይን ብራንድ ስኒከር ገዛሁ፣ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ካርቶኑ ራሱ አለው። በሳምንቱ ወደ ሥራ ስሄድ ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ። ኮፒ ነው የሸጡልኝ?» ባዶ እግሩ የቀረ

ወንድሜ፣ ኦሪጅናልም ሊሆን ይችላል። የብዙ ስኒከር መሃለኛው ሶል ፖሊዩሬታን ከሚባል ነገር ይሠራል፣ እሱ ደግሞ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በዓመታት ውስጥ ይበላዋል። ተለብሶም ሳይለበስም። እንዲያውም ካርቶን ውስጥ ሳይነካ ዓመታት የተኛው ሊብስ ይችላል፤ አንተን «አዲስ ነው» ያሰኘህ ነገር ነው ጉድ የሠራህ። ማስቲሽም አያድነውም፣ የሚጣበቅበት ነገር የለማ። ሌላ ጊዜ ሻጩ ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ፣ ጫማውን አጥፎ በቪዲዮ ያሳይህ። ከተሰነጠቀ፣ ዱቄት ካራገፈ ወይም ካጣበቀ እለፈው። ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ለመሥራት ደግሞ ሶሉ ጎማ ሆኖ ዙሪያው የተሰፋ ፈልግ። ቁጥር አትጠይቅ፣ የውስጥ ሶሉን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ጠይቅ።

«እትዬ እኔ ሻጭ ነኝ፣ የራሴን ልብሶች ነው የምሸጠው። አንዷ የቴሌብር ስክሪንሹት ልካ ቀሚሴን ወሰደች፣ ብሩ አልገባም። ምን ላድርግ?» ከቧንቧ ውሃ

ስክሪንሹት ብር አይደለም። የቴሌብር መልእክት ለአንቺ ስልክ ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከሌላ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» ውሸት ነው። መልእክቱ ቢመጣም ሒሳብሽን ከፍተሽ እዪ፣ ከዚያ ነው ልብሱ ከእጅሽ የሚወጣው። «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» ካለችሽ ቡና ጋብዣትና አብራችሁ ጠብቁ።