እርሾን ፕሮቲን ማሠራት፦ ጥያቄና መልስ

የሌላ ፍጡርን ጂን ወደ እርሾ አስገብቶ ፕሮቲን ማሠራት የዕለት ሥራዬ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ስለዚህ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ይራባል፤ እርሾ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ታዲያ በእርሾ መድከም ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ለቀላል ፕሮቲን ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያህል የለም። በ1982 ለገበያ የተፈቀደው የመጀመሪያው በጂን ምሕንድስና የተገኘ የሰው ኢንሱሊንም የተሠራው በእርሱ ነው። ፕሮቲኑ ሲወሳሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን አጥፎ ትክክለኛ ቅርጹን ማስያዝ ስለሚያቅተው ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ተጓጉሎ ይቀራል፤ ያንን አሟሙቶ እንደገና ማጠፍ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። እርሾ ትንሽ ይሁን እንጂ አሠራሩ የእኛን ሕዋስ ይመስላል፦ ኒውክለስ አለው፤ ፕሮቲን የሚያጥፍበት፣ የሚመረምርበትና ወደ ውጭ የሚልክበት የውስጥ ክፍልም አለው። እንዲህም ሆኖ እንደ ባክቴሪያ በስኳርና በጥቂት ጨዎች ይኖራል።

ጥያቄ፦ ጂኑ እንዴት ነው የሚገባው? መርፌ ነው?

መልስ፦ መርፌ የለበትም። ሕዋሶቹን ሊቲየም አሲቴት ካለበት ውሕድና ከዲኤንኤው ጋር ቀላቅለን ለጥቂት ደቂቃዎች በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ እናሞቃቸዋለን። ዲኤንኤውን የሚቀበሉት ከብዙ ሺህ ጥቂቶቹ ናቸው። እነርሱን ለመለየት ዩራሲል የተባለውን ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት የማይችል እርሾ እንመርጥና፣ የጎደለውን ጂን ከምንፈልገው ጂን ጋር አያይዘን እንሰጠዋለን። ዩራሲል በሌለበት ሳህን ላይ የሚያድገው የተቀበለው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ስከፍት ነጫጭ ነጠብጣቦችን ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ፒኪያ በተባለው የእርሾ ዓይነትና በተለመደው የዳቦ እርሾ መካከል መምረጥ ተቸግሬአለሁ።

መልስ፦ የዳቦ እርሾ፣ ማለትም ሳካሮማይሲስ፣ ጂኖሙ በ1996 ሙሉ በሙሉ ስለተነበበ የማይታወቅ ጓዳ የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ስኳር ሲበዛለት ኦክስጅን እያለም አልኮል ወደ መሥራት መዞሩ ነው። ፒኪያ ይህ ጠባይ የለበትም፤ ስለዚህ በታንክ ውስጥ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ያድጋል፤ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ደረቅ ክብደት ይደርሳል። በ1970ዎቹ አንድ የነዳጅ ኩባንያ፣ ፊሊፕስ ፔትሮሊየም፣ ሜታኖል ከተባለው አልኮል የእንስሳት መኖ ለማምረት አስቦ ነበር ያሳደገው። ዕቅዱ በዋጋ ምክንያት ባያዋጣም ጥሩ ነገር ተረፈን፦ ሜታኖል ሲያገኝ በኃይል የሚነሳ፣ ግሉኮስ ሲያገኝ ጭራሹን የሚዘጋ የጂን ማስጀመሪያ። በመጀመሪያ በግሊሰሮል እናሳድገዋለን፤ ሲበቃው ግሊሰሮሉን ጨርሶ ሜታኖል እንሰጠዋለን።

አንድ ምክር ልጨምር። ሜታኖል ከበዛ ሕዋሱን ይመርዛል። መብዛት አለመብዛቱን ለማወቅ ምገባውን ለአፍታ አቁመው በታንኩ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር ይመልከቱ። ወዲያው ሽቅብ ከተተኮሰ፣ እርሾው የሰጡትን ሁሉ እየጨረሰ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ በታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ሜታኖል አለ። ይህን ሳላደርግ ተኝቼ ያደርኩበት አንድ ሌሊት የሦስት ሳምንት ሥራዬን ወስዶብኛል።

ጥያቄ፦ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በእርሾ ይሠራል ሲባል እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቀድሞ የነበረው ክትባት የሚጣራው ቫይረሱን ከተሸከሙ ሰዎች ደም ነበር። በ1982 የቫይረሱን የላይኛውን ሽፋን ፕሮቲን እርሾ እንዲሠራው ተደረገ፤ በ1986 ክትባቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚያስደንቀው ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ተሰባስበው ቫይረሱን የሚመስል ጥቃቅን ኳስ መሥራታቸው ነው፤ በውስጡ የቫይረሱ ዘር ስለሌለ በሽታ ሊያስይዝ አይችልም። በ2006 የመጣው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ለእርሾ ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ከመከተቡ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ጥያቄ፦ የጂኑ ቅጂ በበዛ ቁጥር ምርቱ ይጨምራል አይደል? አሥር ቅጂ ያለው እርሾ ከሁለት ቅጂው ያነሰ ሰጠኝ።

መልስ፦ ስሕተት አልሠሩም፤ ከአቅሙ በላይ ጭነውታል። ወደ ውጭ የሚወጣ ፕሮቲን ሁሉ በመጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው ክፍል ውስጥ መታጠፍ አለበት። እዚያ የሚረዱት ፕሮቲኖች ቁጥራቸው ውስን ነው። የሚገባው ከሚታጠፈው ሲበልጥ ክፍሉ ይጨናነቃል፤ ሕዋሱም ጭንቀቱን አውቆ ያልታጠፈውን እየጎተተ አውጥቶ ይቆራርጠዋል። እርሾዎ ፕሮቲኑን ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም፤ ጉልበቱን አፍስሶ ሠርቶ ያፈርሰዋል።

ይህን የመውጫ መንገድ የዘረጉልን በዚሁ በዳቦ እርሾ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ራንዲ ሼክማን መንገዱ የተዘጋባቸውን እርሾዎች ለይቶ ጂኖቹን አግኝቷል፤ በ2013 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ወደ ሁለት ቅጂው እመለስና ሙቀቱን ከ30 ወደ 22 ዲግሪ ዝቅ አደርጋለሁ። ፕሮቲንዎ ብዙ የሰልፈር ድልድይ፣ ማለትም ቅርጹን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ፣ ካለው ደግሞ ድልድዩን የሚያስተካክለውን ኢንዛይም፣ ፒዲአይን፣ ጂን ጨምሬ እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይ ፕሮቲኔ እንደ መስመር ሳይሆን እንደ ጭስ ተዘርግቶ ታየኝ። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ስኳር ሊሆን ይችላል። እርሾ በአንዳንድ ፕሮቲኖች ላይ ረጅም የማንኖስ ሰንሰለት ይለጥፋል፤ ርዝመቱም ከፕሮቲን ፕሮቲን ስለሚለያይ ጄሉ ላይ ይደበዝዛል። ናሙናውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ላይ ኢንዶ ኤች የተባለውን ኢንዛይም ይጨምሩ። እኔ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ያ ሁሉ ጭስ ተሰብስቦ አንዲት ጠባብ መስመር ሆነ፤ ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ለፋብሪካ ኢንዛይም ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት ግን ከባድ ጉዳይ ነው፤ ሰውነታችን የማንኖስ ሰንሰለትን እንደ ባዕድ አይቶ ቶሎ ያስወግደዋል። የስኳር አለጣጠፉ የሰውን እንዲመስል የተቀየረ ፒኪያም ተሠርቷል።

ጥያቄ፦ እርሾው ባደገበት ፈሳሽ ውስጥ ምንም ፕሮቲን አጣሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሕዋሶቹ። በሴንትሪፊውጅ ለይተው በመስታወት ፍሬ ይሰባብሯቸውና ከፈሳሹ ጎን ጄል ላይ ያስኪዱ። ፕሮቲኑ ውስጥ ካለ ችግሩ መውጫው ላይ ነው። የትም ከሌለ ጂኑ በትክክል መግባቱን እንደገና ያረጋግጡ። በ24ኛው ሰዓት ታይቶ በ72ኛው ከጠፋ ደግሞ ከሞቱ ሕዋሶች የፈሰሱ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች በልተውታል፤ እነዚህ የተቀነሱለትን እርሾ ይጠቀሙ። ለማንኛውም በየ12 ሰዓቱ ናሙና ወስደው ወዲያው ያቀዝቅዙ፤ ጠረጴዛ ላይ ባደረ ናሙና ውስጥ ቆራጮቹ ሥራቸውን አያቋርጡምና።