ቀጭ ሳይል አትሂዱ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ተማሪ አገኘችኝ። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነች። እኔ የባቡር ጡረተኛ ነኝ፤ ሌላው ካፌ ሲሄድ እኔ ሐዲድ ለማየት እሄዳለሁ። ልጅቷ የዛገ የሐዲድ መቀየሪያ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ እጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ብረት በጣቷ ታነቃንቃለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ምን ታደርጋለች? እጀታው ይሄን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ በራሱ አይነሳ!» አለችኝ።

መለስኩላት። ግን የመለስኩላት ግማሹን ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቀረውን ግማሽ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እሷም ታነበው ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባችሁ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የድሮ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ሐዲዱም አንድ ብቻ። ሽቅብ የሚመጣውና ቁልቁል የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። አንዱ የጎን ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፣ ሌላው ያልፋል። ማን ወዴት እንደሚገባ የሚወስኑት እንደ ቢላ የሾሉ ሁለት ብረቶች ናቸው። እኔ ምላስ እላቸዋለሁ። ምላሱ ከዋናው ሐዲድ ጋር ጥብቅ ብሎ መለጠፍ አለበት። ጥቂት ሚሊሜትር ከተከፈተ፣ ከፊት፣ ማለት ከምላሱ ጫፍ በኩል፣ የሚመጣ ጎማ ጠርዙን እዚያ ክፍተት ውስጥ ይሰካል። የፊተኛው ፉርጎ በአንዱ ሐዲድ፣ የኋለኛው በሌላው ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ነው። ከኋላ በኩል የመጣ ጎማ እንኳ ብረት አጣሞም ቢሆን ገፍቶ ሊያልፍ ይችላል። ከፊት ሲሆን ግን ምሕረት የለውም።

ልጅቷ ያለችው ልክ ነው፤ የእጀታው ክብደት ምላሱን ይጫናል። ግን ጭነት የያዘ ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ እጀታውም ይዘላል። ልጅቷ ያነቃነቀቻት ትንሽ ብረት፣ መቀርቀሪያዋ፣ የተሠራችው ለዚያ ነው። እጀታው ሲተኛ ጀርባው ላይ ወድቃ ጥርቅም አድርጋ የምትይዝ ቆልመም ያለች ብረት ናት። ለማስለቀቅ በጫማ ትረገጣለች፤ ሁለት እጅ ለእጀታው ነው የሚፈለገው። ቀዳዳዋ ውስጥ ጓጉንቸር ይገባል። መቀርቀሪያዋ ለንዝረት፣ ጓጉንቸሩ ለሰው።

እኔ ይሄን ሁሉ በ24 ዓመቴ አውቀው ነበር። በቃል እወጣው ነበር።

ጣቢያዋን አልጠራትም። ትንሽ ናት፣ ሞቃት ናት፣ ማታ ማታ ትንኝ አይጣል ነው። የፈረቃ አለቃችን ሽማግሌ ነበር። ፈረንሳይኛና አማርኛ ቀላቅሎ፣ በየመሃሉ «አቦ» እያለ የሚያወራ የድሬ ሰው። መቀየሪያ ሲዘጋ አይቶ አይሄድም። መቀርቀሪያዋን በጫማው ጫፍ መታ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይቆማል። «ቀጭ ሳይል አትሂዱ» ይለናል። እኛ ከኋላው እንስቃለን። ሌላም አመል ነበረው፤ በሐሩር በትንኝም የቢሮውን መስኮት አይዘጋም። በወባ ሊገድለን ነው እያልን እናጉረመርማለን።

ያን ማታ የመንገደኛው ባቡር የጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመንገደኛ ባቡር ማለት ያኔ ገበያ ማለት ነው። ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመጡት ሴቶች አንድ ቀሚስ ላይ ሦስት ቀሚስ ደርበው፣ ፈታሽ ሲመጣ «እርጉዝ ነኝ» ይላሉ። አንዷ በየሳምንቱ እርጉዝ ነበረች። ከኤረር የተጫነ ብርቱካን ፉርጎውን ሁሉ ያውደዋል። ዛሬም ብርቱካን ስልጥ ያ ሽታ ይመጣብኛል። ምን ልል ነበር? አዎ፣ የጭነቱ ባቡር እየመጣ ነው፤ ዋናው ሐዲድ ይከፈትለት። ፋኖሴን ይዤ ወረድኩ። ጓደኞቼ ካርታ አከፋፍለው ይጠብቁኛል።

እጀታውን ገለበጥኩት። ጓ ብሎ ተኛ። ጓጉንቸሩን ላስገባ ስል አልገባ አለኝ፤ ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። አያችሁ? ብረቱ ነግሮኝ ነበር። መቀርቀሪያዋ አልያዘችም እያለኝ ነበር። እኔ ጓጉንቸሩን እዚያው አንጠልጥዬ «ቆይቼ እመለሳለሁ» አልኩና ሄድኩ። ካርታዬን አነሳሁ። ጥሩ ካርታ ደርሶኝ ነበር፤ እሱንም አልረሳውም።

ባቡሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው። እግዜር ይመስገን ቀስ ብሎ። ሎኮሞቲቩ አለፈ፣ ጥቂት ፉርጎዎች አለፉ። ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚጎተት ብረት ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ አንዱ በጎኑ ጋደም አለ። ሽንኩርት ነበር የጫነው። የሞተ ሰው የለም።

መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። እጀታው ግማሽ ድረስ ተነስቷል። ፋኖሱን ዝቅ አድርጌ አየሁ። መቀርቀሪያዋ አፍ ውስጥ ባቄላ የምታህል ጠጠር አለች። አወጣኋት። ወደ ጨለማው ወረወርኳት። ከዚያ እጀታውን በሰውነቴ ክብደት ተጭኜ አስተኛሁትና መቀርቀሪያዋን ረገጥኳት። ቀጭ አለች። ጓጉንቸሩንም ቆለፍኩ። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ጧት መርማሪዎች መጡ። መቀርቀሪያው ተዘግቷል፣ ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። እንግዲህ ጥፋቱ የምላሱ ነው ተባለ፤ አርጅቷል፣ በየሳምንቱ ሳይመረመር ነው የተፈረመው። የሚፈርመው ሽማግሌው ነው። ደመወዙ ተቀጣ፣ እድገቱ ቀረ፣ ከኛ ወደባሰ በረሃ ተዛወረ። እኔ እቃውን ፉርጎ ላይ ሳወጣ አግዘዋለሁ። ሻንጣው የገመድ ማሰሪያ ነበረው። «በርታ» አለኝ።

ሰዓት አክብሩ፣ ታታሪ ሁኑ ምናምን አልላችሁም። እሱን እናታችሁ ነግራችኋለች። እኔ የምለው ሥራው ራሱ «አልገባሁም» ሲላችሁ ስሙት ነው። ጓጉንቸር አልገባ ሲል፣ ቁጥር አልገጥም ሲል፣ ቆይቼ እመለሳለሁ አትበሉ። ካጠፋችሁ ደግሞ ያኔውኑ ተናገሩ። ይሄን እላለሁ እንጂ፣ ያ ማታ ዛሬ ቢመጣ እናገር ነበር ወይ? እንጃ። ልጅ ነበረኝ፣ ኪራይ ነበረብኝ።

የዘንድሮ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ካደረጋችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ለነገሩ እኔም ስልክ ሳይኖር ቸኩያለሁ። ያቺ ልጅ ደግሞ ቁጢጥ ብላ ጠይቃለች፤ እኔ በሷ እድሜ ሽማግሌውን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

አዲሱ መስመር ይሄ ሁሉ የለበትም ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ መቀየሪያውንም ሞተር ነው የሚያንቀሳቅሰው። ደስ ይላል። ግን ሞተርም ሆነ መቀርቀሪያ የሚይዘው ባስቀመጣችሁት ቦታ ነው። አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ግራኒትቪል የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ሠራተኞች በእጅ የሚገለበጥ መቀየሪያ ወደ ጎን ሐዲድ እንደዞረ ትተውት ሄዱ። ሌሊት የመጣው ባቡር ከቆመ ባቡር ጋር ተላተመ፤ ክሎሪን ጋዝ አምልጦ በጠቅላላው 9 ሰው ሞተ። የሰለቸው ሰው ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታየኛል።

በ1977 ጥር ወር አዋሽ ላይ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ከመቀየሪያ ጋር አይገናኝም፤ ኩርባው ላይ በፍጥነት ስለገባ ነው። እኔ ግን ሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት መቀርቀሪያዋን ነው። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌውን ፈልጌ የሄድኩት። ጡረታ ወጥቶ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ሻይ ይጠጣል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠጠሯን፣ ካርታውን፣ ጓጉንቸሩን። ብርጭቆውን እያማሰለ ሰማኝ። አልተገረመም።

«ባቡሩ ወድቆ ካበቃ በኋላ ነው ቀጭ ያለው» አለኝ። «መስኮቱ ክፍት ነበር እኮ፣ አቦ።»

ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት። ለኔም ሻይ አዘዘልኝና ስለ ስኳር መወደድ ማውራት ጀመረ።